ቁጭ ብለው የጠየቁት ሸኽ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ፣ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ላይ ይሁን። ይህን ወግ ከመጀመሬ በፊት ሠራተኛ የምታስተዳድሩ ሁሉ ዐፉ እንድትሉኝ እለምናለሁ። የሥራ ሰዓት የሚያባክን፣ የለመድነውን የአለቃ ሰላምታ የሚያበላሽ ታሪክ ነው። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ የደግ ሰው ሥራ መደበቅም ወንጀል ነው ሲሉኝ ግን ፈራሁ።

ግንቧ ባረጀ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸኽ ዘይኑ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ቤታቸው ሙስሐፍ፣ የቁርኣን መጽሐፍ ማለት ነው፣ በእጅ እየተጻፈ የሚገለበጥበት ቤት ነው። ሰባት ጸሐፍት በሰባት የበግ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ቁርኣን ይጽፋሉ፤ አራሚው አወል ደግሞ በሩ አጠገብ ሆኖ እያንዳንዱን ቅጠል ከዋናው ጋር ያመሳክራል።

ሸኹ ለሠራተኛ በማዘን የታወቁ ነበሩ። በየማለዳው በጸሐፍቱ መካከል እያለፉ፣ "እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደህና? ልብህስ?" ይላሉ። ሰባቱም "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። ሸኹም ቤቴ ሰላም ነው ብለው ወደ ጓዳቸው ይገባሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሰላም ሆኖ ኖረ።

የቤቱ ደንብ ጥብቅ ነው። በአንድ ሙስሐፍ ሦስት ጊዜ መስመር የዘለለ ጸሐፊ ብዕሩን ያስቀምጣል። የአላህ ቃል ነውና በዚህ የሚያጉረመርም አልነበረም።

አንድ ትልቅ ነጋዴ ለረመዷን ይድረስልኝ ብሎ ለመስጊድ ያዘዘው ሙስሐፍ ከእኩሌታው እንዳለፈ፣ አወል ሦስት ቅጠል ይዞ ሸኹ ዘንድ ገባ።

"ሸኽዬ፣ ይማም ሦስተኛውን ዘለለ።"

ይማም በቤቱ ካሉት ጸሐፍት ሁሉ በእጅ ጽሑፉ የሚበልጥ ነው። ሸኹ ደነገጡ። "ምን አግኝቶት?"

"የኢማን ድክመት ነዋ። ሚስቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ጣሪያው አያፈስም። የሞተበት የለም፤ ፊቱ ግን ሐዘን ቤት የዋለ ይመስላል። ያሰናብቱት።"

ሸኹ ይማምን ብቻውን አስጠሩት። "እንዴት ነህ ልጄ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ምስጋናህን አላህ ሰምቶታል። የጠየቅኩህ ግን እኔም ነኝ፤ ለእኔም መልስልኝ።"

ይማም ቀለም የበላው ጥፍሩን እያየ ተናገረ። "ከመውሊድ ወዲህ እንቅልፍ ርቆኛል። ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስብኛል። ደረቴ ላይ የወፍጮ መጅ የተጫነ ይመስለኛል። ምክንያት ቢኖረው አለቅስበት ነበር፤ የለውም። የአላህን ጸጋ የካድኩ እየመሰለኝ አፍራለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? በየማለዳው እጠይቅህ የለም?"

"ይጠይቁኛል፣ ሸኽዬ። ግን እየሄዱ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ስል እርስዎ ሦስተኛው ሰው ጋ ደርሰዋል።"

ሸኹ ጢማቸውን ያዙ። በዚያ ቤት ለሃያ ዓመት መስመር ሲዘልሉ የኖሩት እሳቸው መሆናቸው ገባቸው።

"ደንቡ ይከበር" አሉ በመጨረሻ። "ብዕርህን አስቀምጥ። ደንቡ ብዕሩን ያስቀምጥ ይላል እንጂ ከቤት ይውጣ አይልም። ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ተቀምጠህ ቀለም ትፈጫለህ። ቀለብህ አይጎድልም። ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ደግሞ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።"

"እርስዎም?"

"ጉልበቴን ያመኛል። በአንድ መንገድ ሁለታችንም እንታያለን።"

በማግስቱ ሸኹ ምንጣፋቸውን ተሸክመው መጡና በመጀመሪያው ጸሐፊ ፊት ቁጭ አሉ። ጸሐፊው አልሐምዱሊላህ ብሎ እስኪነሡለት ጠበቀ። አልተነሡም። ቢቸግረው ያመመውን ነገራቸው። በዚያን ቀን ዙሁር የደረሰው ሸኹ አራት ሰው ሳይጨርሱ ነው።

አወል አላስቻለውም። "ሸኽዬ፣ በዚህ አያያዝ ሙስሐፉ ለረመዷን አይደርስም።"

"አዎ፣ አይደርስም። ለነጋዴው እኔ እነግረዋለሁ።"

"ምን ብለው?"

"ሰውን ሊያድን የወረደን ቃል ሰው እየሰበርን አንጽፈውም ብዬ።"

በሦስተኛው ቀን ምንጣፉ በሩ አጠገብ ተነጠፈ። አወልን ጠይቀውት አያውቁም ነበር፤ የሰው ስሕተት የሚቆጥር ሰው የራሱ ሕመም ያለው አይመስልምና።

"አንተስ፣ አወል?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ሸኹ ተቀመጡ። አወል ቅጠሉን አቀረበ፣ አራቀ፣ መልሶ አቀረበ። ሸኹ አሁንም ተቀምጠዋል።

"ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው" አለ አወል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ታዲያ በምን ስታርም ከረምክ?"

"ቅጠሉ ሙሉ ከመሰለኝ አሳልፈዋለሁ። ብናገር እንጀራዬ የሚቀር መሰለኝ።"

"የይማምን ሦስት ስሕተትስ እንዴት አገኘኸው?"

አወል አንገቱን ደፋ። "እሱ ራሱ ነው አምጥቶ ያሳየኝ።"

ጸሐፍቱ ሁሉ ብዕራቸውን አቆሙ። እንዲባረር የተጠየቀው በቤቱ ውስጥ ሳይጠየቅ እውነት የተናገረው ብቸኛ ሰው ነበር። ሸኹ ግን አልተቆጡም። አወል ቁርኣንን በልቡ የያዘ ሰው ነውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላው እያነበበለት እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው እንዲያርም አደረጉት። አወል ሳያይ ባሳለፈበት ዓመት ከቤቱ የወጡትንም ሙስሐፎች ከየመስጊዱ አስመልሰው፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" እያሉ እንደገና አስነበቡ።

ነጋዴው ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "እንዲህ ያለ የተከበረ ቤት ይህን ሁሉ ስሕተት ከየት አመጣው?" አላቸው።

ሸኹም፣ "ፍርሃት የገባበት ቤት ስሕተት አያጣም፤ ነጋሪ ነው የሚያጣው" አሉት።

ይማም በአርባ ቀን ዳነ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልዳነም። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፤ አንዳንድ ማለዳ ይጽፋል፤ አንዳንድ ማለዳ "ዛሬ ጉንዳኖቹ መጥተዋል" ይልና ቀለም ይፈጫል። ማንም አይስቅበትም። እኔ እንደገባኝ የሸኹ ደግነት አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ የነበረውን ሰላምታ ነው ተቀምጦ የጨረሰው። ዛሬ ግን እኛ ሠልጥነናል። "የሠራተኛው ደህንነት ቅድሚያችን ነው" የሚል ሰሌዳ በር ላይ ሰቅለን በፍጥነት እናልፋለን፤ ሥራም አይስተጓጎልም።

ስለዚህ አደራ፣ ይህን ወግ ለማንም አትድገሙት። ይልቁንም ለአለቃችሁ። ነገ ጠዋት መጥቶ ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ቢልና ባይነሣ ምን ልትመልሱለት ነው?