ለንቦቹ የተተወው ማር

አንድ ጥፋት አለብኝ፤ ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት እሱን ልናገር። በሰፈራችን ለተማሪ ልጆች ምሳ የሚያበስል ቤት ነበረ። የሰፈሩ ሰው ዓመታት ፈጅቶ ቋሚ ገንዘብ አጠራቅሞለት ነበር፤ ዋናው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ወለዱ ብቻ ለምሳው እንዲውል ተስማምተን። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ኑሮ በተወደደበት ዓመት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ "ልጆች እየራባቸው ገንዘብ ታቅፈን የምንቀመጠው ለማን ብለን ነው?" አልኩ። ጥሩ ተናጋሪ ነኝ። ተጨበጨበልኝ፤ ዋናውም ወጣ። ልጆቹ በዚያ ዓመት ጠግበው በሉ። በሚቀጥለው ዓመት በሩ ተዘጋ፤ እስካሁንም እንደተዘጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህችን ታሪክ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገራለሁ።

አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ ድንቄ የምትባል። ቤቷ ከቆላ ወደ ደጋ የሚያወጣው አቀበት ጫፍ ላይ ነበር። የቆላ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ፣ ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው፣ አቀበቱን ቀስ ብለው ወጥተው እሷ ዘንድ ያርፋሉ። ከቤቷ ጎን ያለውን ሰፊ ጎጆ መንደሩ የወላዶች ቤት ይለው ነበር። ቀለቡን የሚሰጠው አንድ የጨው ነጋዴ ነው፤ አቶ አሰግድ ይባላል። በየወሩ እህሉንም ቅቤውንም በአህያ አስጭኖ ይልካል፤ መንደርተኛውም ይመርቀዋል።

አንድ ክረምት ብርቄ የምትባል ወጣት እግሯ አብጦ አቀበቱን ወጣች። ባሏ ጨው የሚገዛው ከሌላ ነጋዴ ነበር። አቶ አሰግድ ይህን ሰማና ራሱ መጣ።

"ያቺ ልጅ ትውጣ" አለ።

"ወዴት ትውጣ፣ ጋሼ? ይህን ዝናብ አያዩም?"

"ባሏ ጨው የሚገዛው ሰው ያስጠልላት። የኔን እህል ግን አትበላም።"

ድንቄ ጥግ ላይ የነበረውን ጆንያ ጎትታ በሩ ላይ አቆመችው። "እንግዲያው እህሉ ይውጣ። ለመንገድ እሱ ይሻላል፤ እግሩ አላበጠም።"

አቶ አሰግድ ጆንያውን አስጭኖ ሄደ። ሁለተኛም አልላከም። ብርቄ በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች። ድንቄ ለአራሷ ገንፎ የሚሆን ዱቄት ለመለመን ዝናብ ለዝናብ ስትዞር አንድ ነገር ገባት። ለካ ያ ቤት የቆመው በአንድ ሰው ፊት ላይ ነበር፤ ፊቱ ሲፈታ ይከፈታል፣ ፊቱ ሲጠቁር ይዘጋል።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ቤት ለቤት ዞረች። "እህል አልፈልግም" ትላለች። "እህል ብትሰጡኝ በልተን እንጨርስና ነገ ተመልሼ ደጃችሁ ላይ ነኝ። ንብ ስጡኝ።"

"ንብ?" አለ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደባልቄ። "ምጡ አልበቃ ብሏቸው ልታስነድፊያቸው ነው?"

የሰማው ሁሉ ሳቀ። ድንቄም አብራ ሳቀች፤ ከበሩ ግን ንቅንቅ አላለችም።

በመጨረሻ ንብ ያለው ከነቀፎው ሰጠ። የሌለው ባዶ ቀፎ ሠርቶ አመጣ። ቀፎ መሥራት የማይሆንለት ደግሞ በአጥሩ ዙሪያ ንብ የሚቀስመውን ግራዋ ተከለ። አያ ደባልቄም እየሳቀ አንድ ቀፎ ተሸክሞ መጣ። ድንቄ ሁሉንም ሰብስባ ሕጉን ነገረቻቸው።

"ማሩ ገበያ ይወጣል፤ በሱ የወላዶቹ ቀለብ ይገዛል። ከቀፎው ኋላ ያለው ማር ግን መቼም አይቆረጥም፤ እሱ የንቦቹ ቀለብ ነው። መንጋው ተከፍሎ አዲስ ቀፎ ቢገባም እዚሁ ይቀራል። ማንም ወደ ቤቱ አይወስድም፤ እኔም ብሆን።"

ሁሉም "ይሁን" አሉ። ዓመቱ ጥጋብ ነበር፤ በጥጋብ ጊዜ "ይሁን" ማለት አይከብድም።

የወላዶች ቤት የማንንም ደጅ ሳይጠና ዓመታት ኖረ። ከዚያ ዝናብ የጠፋበት ዓመት መጣ። አበባ አልነበረም፤ የተቆረጠውም ማር ከጥቂት ሳምንት ቀለብ አላለፈም። ጎጆው ግን ከመቼውም በላይ ሞልቶ ነበር። ከነፍሰ ጡሮቹ አንዷ ብርቄ ነበረች፤ ሌላ ልጅ ልትወልድ መጥታ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አያ ደባልቄ የሚጨስ ችቦ ይዞ፣ ጎልማሶች አስከትሎ፣ ቀፎዎቹ ወዳሉበት አጥር መጣ። አቶ አሰግድም አብሯቸው ነበር።

"የኋላውን ልንቆርጥ ነው" አለ አያ ደባልቄ።

"የኋላው የንቦቹ ነው፣ አያ።"

"ሴቶች ተርበው አንቺ ለዝንብ ማር ታስቀምጫለሽ? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?"

ድንቄ ወደ ጎጆው ዞር ብላ አየች። ማሩ ቢቆረጥ ሴቶቹ ቢያንስ አንድ ወር እንደሚጠግቡ ታውቃለች። የከበዳትም ይኸው ነው፤ ሽማግሌው የተናገረው ውሸት አልነበረም።

አቶ አሰግድ ድምፁን አለስልሶ ቀረበ። "ድንቄ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ቀፎዎቹን እንዳሉ እኔ ልግዛቸው። ዓመት የሚያደርስ እህል ነገ ደጅሽ ላይ ይራገፋል። ከዓመት በኋላ ደግሞ እኔ አለሁ አይደል?"

"ያሉበትንም ጊዜ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ጆንያዎን አስጭነው የሄዱበትንም አውቃለሁ።"

ይህን ብላ አጥሩ በር ላይ ቁጭ አለች።

"ዛሬ የራባትን ሴት አያታለሁ፤ አብሬያት ተርቤአለሁ። ግን የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የዛሬ አሥር ዓመት ያንን አቀበት የምትወጣ ሌላ ሴት አለች። እዚህ ቆማ 'የኔን አትንኩብኝ' ማለት አትችልም። ስለዚህ እኔ እልላታለሁ። አትነኩም! ማለፍ የሚፈልግ እኔን ረግጦ ይለፍ።"

ጎልማሶቹ ተያዩ። አያ ደባልቄ ችቦውን እንደያዘ ወደ በሩ ተራመደ። ያን ጊዜ ብርቄ ሆዷን ደግፋ ከጎጆው ወጣች።

"ለኛ ብላችሁ ነው የመጣችሁት?"

"ታዲያ ለማን ብለን ነው፣ ልጄ?"

"እንግዲያው ወዲህ በለው፣ አባባ።" ችቦውን ከእጁ ወስዳ አፈር ውስጥ ደፈቀችው። "ያኔ ስመጣ እኔን ያቆየኝ በዝናብ የተለመነ ዱቄት ነው። ከኔ በኋላ የምትመጣው እንደዚያ ተለምኖላት እንድትበላ አልፈልግም። ርቦኛል፤ አልዋሽህም። ከቤትህ ሽሮ ካለ አምጣልኝ። የንቦቹን ግን አልበላም።"

አያ ደባልቄ ባዶ እጁን አየው። "ሽሮስ አላጣም" አለ ቀስ ብሎ።

አላጣምም። ካለው ከፍሎ አመጣ። ጎልማሶቹም አንዱ ባቄላ፣ ሌላው ጎመን እያመጡ ወሩን ተራ ገቡ። ወላዶቹ ቀጭን አጥሚት ጠጥተው፣ የተቀቀለ ባቄላ በልተው ከረሙ። ሰውነታቸው ከሳ፤ ግን በሰላም ወለዱ።

በዚያው ወራት በአቶ አሰግድ ግቢ የነበሩት የራሱ ቀፎዎች እስከ ጥጋቸው ተቆርጠው ማሩ በውድ ዋጋ ተሸጠ። ንቦቹም የሚበሉት ሲያጡ ኮበለሉ። ዝናቡ ተመልሶ በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን፣ በዚያ ግቢ ሸረሪት ካደራባቸው ቀፎዎች በቀር የተረፈ አልነበረም። በድንቄ አጥር ውስጥ ግን ንቦቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

ድንቄ አርጅታ ሞተች። አቶ አሰግድም ሞተ፤ ለልጆቹ የወላዶች ቤት ጉዳያቸውም አልነበረም። አንድ ጠዋት ግን አንዲት ወጣት ሆዷን ደግፋ አቀበቱን ወጣች። በዚያ ክረምት፣ ጆንያው በወጣበት ሰሞን የተወለደችው የብርቄ ልጅ ነበረች። ባልሽ ጨው ከማን ይገዛል ብሎ የጠየቃት የለም። ገንፎዋ ተዘጋጅቶ ጠበቃት።

በጎ ሥራ በአንድ ቸር ሰው እጅ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል፣ የዚያ ሰው ቁጣም ያዝበታል። ሕዝብ ራሱ ያዋጣው፣ ዋናው የማይነካ፣ ፍሬው ብቻ የሚበላ ሀብት ያለው ግን ቀና ብሎ "አይሆንም" ማለት ይችላል። የዚያ ሀብት ባለቤቶች ዛሬ የተሰበሰብነው ብቻ አይደለንም፤ ገና አቀበቱን ያልጀመሩትም ናቸው። እስቲ እናንተም አስቡት፤ በሰፈራችሁ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ ሰጪው ነገ ፊቱን ቢያዞርበት ከነገ ወዲያ በምን ይቆማል? ቋሚ ሀብት ካለውስ፣ እንደኔ ያለች አንደበተ ርቱዕ ተነሥታ "ለማን ብለን ነው የምናስቀምጠው?" ስትል ምን ታደርጋላችሁ? አታጨብጭቡላት። በሩ ላይ ቁጭ በሉባት። ችቦውን ከእጇ ቀሟት።

በኛ ስብሰባ ችቦውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አሁን በዚያ በተዘጋ በር አጠገብ ምሳ ሳይቋጠርላቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ያልፋሉ። ተነሥቼ ያንን በተናገርኩበት ቀን ገና አልተወለዱም ነበር። እነሱን ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። እናንተ ግን ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።