አያ ጅቦ መልሱን፣ አህያ ጥያቄውን

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ኮሌጅ ገብተው በተመረቁበት፣ ሥራ ግን እንደ ድሮው በጠፋበት ዘመን፣ አያ ጅቦና አህያ በድልድይ ምህንድስና አብረው ዲግሪ ያዙ። አንድ ክፍል ተማሩ ማለት ጓደኛሞች ነበሩ ማለት አይደለም። አያ ጅቦ የኋላ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ከረመ፤ አህያ ደግሞ በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን በሰሌዳው፣ አንዱን በአያ ጅቦ ላይ አድርጎ ተማረ። እንዲህ ሆኖ መመረቁ ብቻውን ሊያሸልመው ይገባ ነበር።

ከምርቃት በኋላ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ «ልምድ ያለው» ይላል። የአህያ አባት ትዕግሥታቸው አለቀ። «ልጄ፣ ክረምቱ እስኪገባ ሥራ ካላገኘህ፣ ዲግሪህን ግድግዳ ላይ ስቀልና እህል ወደ ወፍጮ ቤት ታመላልሳለህ። ገመዱን አዘጋጅቼልሃለሁ» አሉት። አህያ ያን ገመድ ባየ ቁጥር ማስታወቂያ ፍለጋ ይወጣል።

ታዲያ ደመናው መጥቆር ሲጀምር አንበሳ በወንዙ ላይ ድልድይ ማሠራት ፈለገና «አንድ አዲስ ምሩቅ መሐንዲስ፤ ልምድ አይጠየቅም» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፈ። የተመዘገቡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የአንበሳ ጸሐፊ እመት ቀበሮ ናት። መንገድ ቀያሾች ዛፍ ሥር ረስተውት የሄዱትን ስልክ አንስታ ደብቃ ነበርና ሁለቱን ተፎካካሪዎች ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ ጠራቻቸው።

«በዚህ ስልክ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት አለ። ለቃለ መጠይቅ አሳምሮ ያዘጋጃል» አለቻቸው።

«ሰው ራሱ መች አስተውሎ ያውቅና ነው አስተውሎት የሚሠራው?» አለ አያ ጅቦ።

«እሱን ለሰው ተውለት። እኔ አንዲት ዶሮ ትበቃኛለች።»

አያ ጅቦ ዶሮ ሊያመጣ ሄዶ ላባ ይዞ ተመለሰ። «መንገድ ላይ ሞተችብኝ» አለ፣ ከንፈሩን እየላሰ። አህያ ዶሮ መያዝ ስለማይሆንለት እመት ቀበሮን በጀርባው አዝሎ፣ በወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ እየዳከረ ቤቷ ድረስ አደረሳት። እሷም ስልኩን ሰጠችው። ገና በእጁ ሳይሞቅ አያ ጅቦ ነጠቀው።

«ሰላም» አለ መሣሪያው። «እኔ ልጠይቅ፣ አንተ መልስ፤ ከዚያ አብረን እናርመዋለን።»

«ምን አግብቶህ ትጠይቀኛለህ? የሚያስፈልገኝን መልስ ሁሉ ስጠኝ። መልሱን ብቻ» አለ አያ ጅቦ።

«መልስ ያለ ጥያቄው ብዙ አይረዳህም። ደግሞ ስለ አንተ የማውቀው ነገር የለም። ምን ሠርተህ ታውቃለህ?»

«የሚያምርብኝን አንተው ፈልግ።»

«ያልሠራኸውን ሠርቷል ብዬ አልጽፍም። ናሙና ግን እሰጥሃለሁ፤ በራስህ ታሪክ ቀይረው» አለና መሣሪያው ጻፈለት። አያ ጅቦ መቀየር የሚባለውን ነገር አልሰማም። ከላይ እስከ ታች፣ በተራው፣ እንደ ልማዱ ሳያላምጥ ዋጠው። ከዚያ ስልኩን ለአህያ ወረወረለት።

«እንካ ወንድሜ፣ በእኩል እንካፈል። ሥጋው ለእኔ፣ አጥንቱ ለአንተ። ጥያቄዎቹን በሙሉ ውሰዳቸው።»

አህያ በደሉ ገብቶታል። ነገር ግን ከጅብ ጋር ስለ ክፍፍል መከራከር ለጤና ጥሩ አይደለም።

«ባትሪው ሊያልቅ ነው። እባክህ እንደ አንበሳ ሆነህ ጠይቀኝ» አለው መሣሪያውን።

«እሺ። እኔ አንበሳ ነኝ። ግባና ተቀመጥ።»

አህያ ስልኩን ጥሎ ቁልቁል ጋለበ። ሲረጋጋ ተመልሶ መጣና ይቅርታ ጠይቆ እንደገና አስጀመረው። እንደገና ሮጠ፤ አሁን ግን አንድ ግራር ጋ ሲደርስ ቆመ። በስተመጨረሻ ቁጭ ብሎ መመለስ ጀመረ።

«ድልድይህ ምን ያህል ይሸከማል?» አለው መሣሪያው።

«ጠንካራ ነው።»

«ጠንካራ መሆኑን በምን አወቅህ? ምን እንደሚጫንበት ሳታውቅ እንዴት አሰላኸው?»

አህያ አፈረ። ዘሩ ሁሉ ሲሸከም የኖረ እንስሳ ስለ ሸክም ተጠይቆ መልስ ማጣቱ አንገበገበው። ባትሪው አለቀና ስልኩ ጠፋ። የቀረውን ጊዜ መሬት ላይ በኮቴው እየጫረ ሲያሰላ፣ ራሱን ሲጠይቅና ራሱን ሲያርም ዋለ።

የቃለ መጠይቁ ቀን አያ ጅቦ ቀድሞ ገባ። የዋጠው መልስ እንዳይፈስበት ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ ሐሳቡ ሁሉ እዚያ ስለሆነ ጆሮው ምንም አይሰማም። አንበሳ ግን ወግ አዋቂ ነውና ከሰላምታ ጀመረ።

«ደህና አደርክ?»

«ስሜ፣ ስምህን እዚህ አስገባ፣ ይባላል» አለ አያ ጅቦ ባንድ ትንፋሽ።

የእመት ቀበሮ ብዕር ቆመ። አንበሳ እንዳልሰማ ሆኖ «ቤተሰብ እንዴት ነው?» አለ።

«ትልቁ ድክመቴ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አለመቻሌ ነው።»

«እንዴ? ለመሆኑ ቁርስ በልተሃል?»

«ባልደረቦቼን በጣም እወዳቸዋለሁ።»

አንበሳ ውጭ ተራውን የሚጠብቀውን አህያ በመስኮት አየት አደረገ። በሕይወት አለ። ትንሽ ቀለል ብሎት ወደ ቁም ነገሩ ገባ።

«ወንዙ ሲሞላ ምሰሶው እንዳይወሰድ ምን ታደርጋለህ?»

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራሴን የማየው እርስዎ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ነው።»

«ውጣ» አለ አንበሳ፣ ፀጉሩ ተነሥቶ።

«ስለ ሰጡኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ።» ከመልሶቹ ሁሉ በቦታው የዋለው ይሄ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ አህያ ገባ።

«ደህና አደርክ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፣ ጌታዬ። ጉልበቴ ነው እንጂ አልታዘዝ ያለኝ።»

አንበሳ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አይዞህ፣ ተቀመጥ። ድልድዩ ምን ያህል እንዲሸከም አድርገህ ትሠራዋለህ?»

«ከመመለሴ በፊት ልጠይቅዎት። ማን ማን ያልፍበታል?»

«እኔና ቤተሰቤ፣ ሚዳቋዎቹ፣ ጦጣዎቹ።»

«ዝሆንስ?»

አንበሳ ወደ እመት ቀበሮ ዞረ። እመት ቀበሮ ወደ ጣሪያው ዞረች።

«ዝሆን ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ልጆቹን አስከትሎ ነው። እነሱም መሀል ላይ ሲደርሱ መዝለል ይወዳሉ» አለ አህያ።

«የወንዙ ሙላትስ?» አለ አንበሳ።

«እሱን ገና አላውቀውም፣ ጌታዬ። ዳር ያሉት ዛፎች ላይ ያለፈው ክረምት ጭቃ እስከየት እንደደረሰ ሳላይ ቁጥር ብነግርዎት እዋሽዎታለሁ።»

አንበሳ አሰበ። የሚያልፍበት እሱ ነው፤ ልጆቹም ናቸው። «ሰኞ ሥራ ጀምር» አለ። አህያ ከደስታው ብዛት ቢሮው እስኪናወጥ አናፋ።

ደጅ ላይ አያ ጅቦ ይጠብቀው ነበር። «ወንድሜ፣ ረዳት ሳያስፈልግህ አይቀርም» አለ በለሆሳስ።

አህያ አሁን ቀጣሪ ነው፤ ወጉን መጠበቅ አለበት። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ከእኔ ጋር መሥራት የፈለግኸው ለምንድን ነው?»

አያ ጅቦ የዋጠውን ፈለገ፤ አንድም አልቀረም። ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ፤ ዓይኑ በመጨረሻ የአህያ ታፋ ላይ አረፈ።

«ትጣፍጣለህ ብዬ» አለ።

በዚያ ቀን ከራሱ አውጥቶ የተናገረው መልስ ይሄ ብቻ ነበር፤ እውነትም ነበር። አህያ ቀስ ብሎ ወደ አንበሳ በር ተጠጋና «እናመሰግናለን፤ እንደውልልሃለን» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠያቂ ፊት የምንቀመጠው እኛው ነንና፣ ብልህ መሣሪያ ስናገኝ እንዲመልስልን ሳይሆን እንዲጠይቀን ማድረግ እንደሚሻለን ነው።