መጫኛ የበላው ጅብ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ፤ ይህ ተረት የእናንተም ነው።

ድሮ ድሮ፣ አባቶቻችን ስሙን ሳይነግሩን ባለፉት አንድ ደጋ አገር፣ አንበጣ መጣና ማሳውን በላው። የጎተራውን ደግሞ ሰው በላው። ለዘር የሚሆን አንድ እፍኝ ገብስ እንኳ ጠፋ። መሬቱ ታርሶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የሚያጎርሰው የለም። ደመናው ከሩቅ ማጉረምረም ጀምሯል። ዘር ሳይገኝ ዝናቡ ካለፈ በከርሞ በዚያ አገር ጭስ አይታይም።

ከቆላው ማዶ ሌላ ደጋ አለ። እዚያ አንበጣ አልደረሰም። መካከሉ ላይ ያለው ቆላ ግን ቤት የለበትም፤ በፈረስ ብዙ ቀን ያስኬዳል፤ ሲመሽ ሜዳ ላይ ያሳድራል። ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀምጠው “ማን ይሂድ?” ተባባሉ። አንዱን ጉልበቱን አመመው። የሌላው ሚስት ልትወልድ ነው። ሌላው መሬቱን በበትሩ ይጭራል።

በመጨረሻ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ብድግ አለች።

“አጎቴ እማዶ አለ። እኔ እሄዳለሁ።”

“አንቺ?” አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ ዘርጋው። “ለመሆኑ ቆላውን ታውቂዋለሽ?”

“አላውቀውም አባቴ። ረሃብን ግን አውቀዋለሁ። ዝናብ ሰው አይጠብቅም፤ ዘሩን ሳልይዝ አልመለስም።”

አባ ዘርጋው መረቋት። ሲመርቅ የሚያመው ሰው የለምና ሌሎቹም ተነስተው መረቁ።

አንጓች ዳማ የሚባል ፈረስ ነበራት። መልኩም ዳማ፣ ስሙም ዳማ። ያን ጊዜ እንስሳ ሁሉ ይናገር ነበር፤ ዳማ ግን ሲያስፈልግ እንጂ ዝም ብሎ አይለፈልፍም። እርግጫው ደግሞ እስከ ማዶ መንደር የታወቀ ነው።

በማለዳ ጓዟን ከደጅ ዘረጋች። ጎረቤት ለዘር የማይሆነውን ስብርባሪ ገብስ አዋጥቶ በሶ አድርጎላታል። ሽምብራ ቆሎ አለ፤ ጨው በጨርቅ ተቋጥሮ አለ። ውሃ መያዣ ቅል፣ ለመኝታ ሰሌን፣ ለብርድ ጋቢ፣ ፈረሱ የሚታሰርበት ካስማ፣ ጭነቱ የሚታሰርበት የቃጫ ገመድ። ከዚያ ቆም ብላ ጓዟን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

ምን ሆነች? ልጆቼ፣ ጭነት ለብቻ አይጫንም። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ቆሞ፣ እግሩን ከጭነቱ ደግፎ ገመዱን ካልሳበው ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ የፈረሱንም ጀርባ ይልጠዋል። በየማደሪያው ማራገፍ አለ፤ በየማለዳው መጫን አለ። ባሏ በሕይወት ሳለ ከወዲያ የሚስበው እሱ ነበር። በዚያ አገር ደግሞ ከወዲያ የሳበልህ የመንገድ ጓደኛህ ነው ይባላል፤ የመንገድ ጓደኛም አይጠረጠርም። ልማዳቸው ይህ ነው።

ይህን ጊዜ ከአጥሩ በስተጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ።

“ደህና አደርሽ እትዬ አንጓች! ከወዲያ የሚስብልሽ አጣሽ እንዴ?”

ጅብ ነው። እግሩን አጣጥቦ፣ እንደ መነኩሴ አንገቱን ደፍቶ መጥቷል።

“አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?”

“ከጸሎት። ‘ይቺ ምስኪን ብቻዋን ቆላ ልትወርድ ነው’ ሲሉ ሰማሁና ሆዴ ባባ። ቆላውን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። እኔ ከወዲያ እስብልሻለሁ፤ ጨርሼም ስንቅሽን አልነካ። በሶ አይስማማኝም።”

ይህን ብሎ ጓዟን ዞር ዞር እያለ አየ።

“ምነው እትዬ፣ የቃጫ ገመድ? ውሃ ሲነካው ይበሰብሳል። መጫኛ ውሰጂ እንጂ፣ ከበሬ ቆዳ የተገመደ! ቅልስ? ድንጋይ ሲነካው ይሰበራል፤ ውሃውን በስልቻ ያዢው። ሰሌን ይቆረቁራል፤ ቁርበት አንጥፊ።”

አንጓች አሰበች። እውነቱን ነው፤ ቃጫ ይበሰብሳል፣ ቅል ይሰበራል፣ ሰሌን ይቆረቁራል። “ምክሩ መልካም ነው” አለች።

ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። “እሜቴ፣ ምክሩስ መልካም ነው። የመካሪው ምራቅ ግን መሬት ነካ።”

“ዝም በል ዳማዬ። ከወዲያ የሚስብ ሌላ ማንን አመጣለሁ?”

ሰሌኑንም፣ ቅሉንም፣ የቃጫ ገመዱንም እቤት ትታ የጅቡን ምክር ጫነች። እሷ ከወዲህ ቆመች፤ ጅብ ከወዲያ መጫኛውን በጥርሱ ያዘ።

“ሳብ ከወዲያ!” አለች።

“ሳብኩ ከወዲያ!” አለ፤ ሲል ግን መጫኛውን ላስ አደረገው። አንጓችም ቀጠለች፦

“በስመ አብ ብለን ተነሳን፤ ዝናብ ሰው አይጠብቅም!”

ወረዱ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እሾሁ ይጠልፋል። አንጓች በኮርቻው ላይ፣ ጅብ ከኋላ ዱብ ዱብ። ሲመሽ ከአንድ ግራር ሥር አራገፉ። አንጓች ጸሎቷን አድርሳ በቁርበቱ ላይ ተኛች። ስትነቃ የተኛችው በባዶ መሬት ላይ ነው።

“ቁርበቴን ምን በላው?”

“ምስጥ ነው እትዬ” አለ ጅብ። “የቆላ ምስጥ ክፉ ነው።” ይህን ብሎ አገሳ።

“የቆላ ምስጥ ያገሳል እንዴ?” አለ ዳማ።

አንጓች ጅቡን አየችው። ግን የመንገድ ጓደኛ አይጠረጠርም፤ ጭነቱም ከወዲያ የሚስበው ይፈልጋል።

“ሳብ ከወዲያ!”

“ሳብኩ ከወዲያ!”

“በስመ አብ ብለን ተነሳን፤ ዝናብ ሰው አይጠብቅም!”

ደግሞ አደሩ። ደግሞ ነጋ። የውሃው ስልቻ የለም፤ ከነበረበት ላይ እርጥብ አፈር ብቻ ቀርቷል።

“ስልቻዬን ምን በላው?”

“ምስጥ ነው እትዬ። የቆላ ምስጥ ውሃም ይጠማዋል።”

ያን ቀን ውሃ ሳይቀምሱ ዋሉ። የዳማ ምላስ ደረቀ፤ የእሷም ከንፈር ተሰነጠቀ። ዳማ ቆሞ “እሜቴ፣ እንመለስ ይሆን?” አላት።

ከኮርቻው ወርዳ አንገቱን አቀፈችው። “ብንመለስስ ምን ይዘን? ያ የታረሰ መሬት አፉን ከፍቶ ይጠብቀናል። ዘሩን ሳልይዝ አልመለስም። አንተ ከደከመህ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፤ አንተ ተከተለኝ።”

ዳማ ይህን ሲሰማ አፈረ። እሷ በእግሯ፣ እሱ ከኋላዋ እየሄዱ ወንዝ አገኙ፤ ስሙ ይመስገን፣ ጠጥተው ተሻገሩ። ማዶ ደረሱ።

አጎቷ አቅፏት አለቀሰ። የተመረጠ የዘር ገብስ በሁለት የቃጫ ጆንያ ሞላላት፤ ለመንገዱም ውሃ በቅል ሰጣት።

“ገመድስ ልጨምርልሽ?” አላት።

ጅብ ቀደም ብሎ “መጫኛ እያለን! ዳማን ሸክም አታብዛበት እንጂ” አለ። አንጓችም የአጎቷን እጅ ማስቸገር አፈረችና ተወችው። ጆንያዎቹን ኮርቻው ላይ ግራና ቀኝ ጫነች፤ እሷ በእግሯ ሆነች።

“ሳብ ከወዲያ!”

“ሳብኩ ከወዲያ!”

“በስመ አብ ብለን ተነሳን፤ ዝናብ ሰው አይጠብቅም!”

ቆላውን እየዘለቁ ተመለሱ፤ ያን ሁሉ ቀን ጅብ ጨዋ ሆኖ ሰነበተ። የአገራቸው ዳገት ሥር ሲደርሱ፣ ከምንጭ አጠገብ ባለ ሰፊ አለት ላይ አራግፈው አደሩ። ከላይ በተራራው ደመናው ጠቁሯል። አንድ ዳገት ብቻ ቀርቷቸዋል።

ነጋ። መጫኛው የለም።

“መጫኛዬን ምን በላው?”

“ምስጥ ነው እትዬ” አለ ጅብ። “የቆላ ምስጥ...”

አንጓች የተኙበትን አለት አየች። ምስጥ አለት አይቦረቡርም። ቀና ብላ ጅቡን አየችው። ከጥርሱ መካከል የመጫኛዋ ጫፍ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል።

አልጮኸችም። አልተሳደበችም። ከምንጩ ዳር ሄዳ ተንበረከከች።

“ጌታዬ ሆይ፣ መቀነቴን ፈትቼ ጭነቱን አስር ይሆናል። ጅቡን ግን በምን ልሰረው? ዛሬ መጫኛ የበላ ነገ ኮርቻውን ይበላል፣ ከነገ ወዲያ ዳማን። ጓደኛ ብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ብልሃቱን አንተ ስጠኝ፤ ጉልበቱ ከእኔ።”

ስትነሳ ፊቷ ሌላ ነበር። ኮርቻውን አንስታ “አቧራውን ላጥበው” አለችና በሆድ ሥር የሚታሰረውን የቆዳ ጠፍር ውሃው ውስጥ ነከረችው። እርጥብ ጠፍር ፀሐይ ሲነካው ምን እንደሚሆን ኮርቻ የሚያውቅ ያውቃል። ከዚያ ወደ ዳማ ጆሮ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። ዳማ ዓይኑን አንዴ ከደን አደረገ፤ እግሩ ተብረከረከ፤ ዘፍ ብሎ ወደቀና አራቱንም እግሩን ዘረጋ።

“ኸረ ዳማዬን!” አለች አንጓች፣ ደረቷን እየመታች።

“ኸረ ጓደኛዬን! ኸረ ወንድሜን!” አለ ጅብ። በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ በምላሱ ከንፈሩን ይጠርጋል። “እትዬ፣ አንቺ ወደ ቤትሽ ውጪ። እኔ ሬሳውን እጠብቃለሁ።”

“እንግዲህ ሬሳው ለጓደኛው ነው፤ ያንተ ነው። ኮርቻውም ያንተው ነው። ጠፍሩም፣ እርካቡ የተንጠለጠለበትም፣ ሁሉም ቆዳ ነው። ብቻ አያ ጅቦ፣ ኮርቻ በአፍ አይወረስም። በጀርባ ነው የሚወረሰው።”

“በጀርባ?” ጅብ ምራቁን ዋጠ። “እንደ ወጉ ይሁን! ጫኚልኝ!”

ጀርባውን ሰጠ። አንጓች ኮርቻውን ጣል አደረገችበትና እርጥቡን ጠፍር ከሆዱ ሥር አሳልፋ ቆለፈችው።

“ልጓሙስ? ልጓሙም ቆዳ ነው፣ ይሸተኛል!” አለ ጅብ።

“አፍህን ክፈታ።”

በራሱ ፈቃድ አፉን ቧ አድርጎ ከፈተ። የጎረሰው ግን ብረት ሆነ። ቀጭ! አለ። የልጓሙ መሳቢያ ዛቡ በአንጓች እጅ ገባ።

ይኸኔ ዳማ ብድግ ብሎ አቧራውን አራገፈ። ጅብ ሊጮህ ቢል ልጓሙ አፉን ያዘው፤ ሊሮጥ ቢል የዳማ የኋላ እግር ከፊቱ ተነሳ። አንጓች ሁለቱን ጆንያ በኮርቻው ግራና ቀኝ ጫነች፤ መቀነቷን ፈትታ አዞረችበት። እሷ ከወዲህ ቆመች። ከወዲያ ደግሞ ዳማ የመቀነቱን ጫፍ በጥርሱ ያዘ።

“ሳብ ከወዲያ!”

“ሳብኩ ከወዲያ!” አለ ዳማ፣ ጥርሱን እንደነከሰ።

“በስመ አብ ብለን ተነሳን፤ ዝናብ ሰው አይጠብቅም! ሂድ አያ ጅቦ፣ መጫኛዬ ሆድህ ውስጥ ነው፤ ጭነቴም ከመጫኛው አይለይም!”

ዳገቱን ተያያዙት። ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ጠፍሩ እየደረቀ ይጠብቃል፤ ጅብ ሊንከባለል ባሰበ ቁጥር ሆዱን ያንቀዋል። መቀነት ደግሞ እንደ መጫኛ ጭነት አይዝም። ዳገቱ ሲጠና ጆንያዎቹ ወደ ኋላ ተንሸራተው ወገቡ ላይ ተከመሩ። ወገቡ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለ።

“ንጩጭ!” ይላል ጅብ በልጓሙ ውስጥ።

“ምን አልክ?” ይለዋል ዳማ ከኋላው። “ምስጥ ነክሶህ ነው?”

የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ መንደር ገቡ። ልጅ አዋቂው ወጣ። ያ ጉልበቱን አሞት የነበረው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ሮጠ። አባ ዘርጋው ዘሩን በእፍኛቸው ይዘው ሳሙት፤ ከዚያ ጅቡን አይተው በትራቸውን አነሱ።

“ይህን ሌባ ዛሬ እዚሁ!”

“ይተዉት አባቴ” አለች አንጓች። “ሌባም ቢሆን ዘሩን ያደረሰው እሱ ነው። ሥራውን ጨርሷል።”

የደረቀው ጠፍር አልፈታ ብሎ በውሃ አርሰው ፈቱት። ጅብ ወገቡን ሊያቃና ሞከረ። አልቃናለትም። እንደዚያው እንደተንጋደደ ወደ ጫካው ገባ። ይኸው እስከ ዛሬ ፊቱ ቀና፣ ኋላው ዝቅ ያለ ነው፤ ስታዩት ዳገት የሚወጣ ይመስላል።

ያን ቀን አንጓች አላረፈችም። ገብሱ ተዘራ፤ አፉን ከፍቶ የቆየው መሬት ጎረሰ፤ ሰማዩም አጠጣው። በዚያ አገር ከዚያ ወዲህ ከወዲያ የሚስብ ሲመጣ፣ ጥርሱን አይተው ነው መጫኛውን የሚሰጡት።

ስለዚህ ልጆቼ፣ መንገድ ስትወጡ ጓዛችሁን ብቻ ሳይሆን ጓዛችሁን የሚመርጥላችሁንም እዩ። በጓደኝነት ስም ሌላውን እየነጠቀ ለሚኖርም አባቶች እንዲህ ይሉታል፦ መጫኛ የበላ፣ ጭነት ይሸከማል።

እኔ ጭነቴን አራገፍኩ። ከወዲያ የሳባችሁልኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ።