የሽታው ሊቅ ምስክርነት

አንድ ዕድሜውን ሽታን በማጥናት የፈጀ ሊቅ ነበር። ዶክተር አንዳርጌ ይባላል። ሽታ ከአፍንጫ ተነስቶ በየትኛው ነርቭ አንጎል እንደሚደርስ፣ ሰው ሽታን ሲለምደውም አንጎሉ እንዴት ችላ እንደሚለው ሠላሳ ዓመት አጥንቷል። በዚህ ጉዳይ እሱ ከተናገረ ሌላው ሰው ዝም ነው።

አንድ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤት፣ «ለሽታ ጥናት ከእኛ ግቢ የተሻለ ከየት ይገኛል?» ብሎ ግቢው ውስጥ ቤተ ሙከራና መኖሪያ ሠራለት። ሊቁም ደስ ብሎት ገባ፤ ስድስት ዓመት እዚያው በላ፣ እዚያው ተኛ። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ ነበር የሚወጣ የሚገባው። በወሩ መሐረቡን ተወው።

ከፋብሪካው በታች አንድ መንደር አለ። የመንደሩ ሰዎች፣ «ፋብሪካው ቆሻሻውን ወንዙ ውስጥ እየለቀቀ ነው፤ የምንጠጣው ውሃ ገማ፤ ልጆቻችን ታመሙ» ብለው ከሰሱ። ባለቤቱ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ዳኛው ወንዙ ዳር መጣና፣ «የሽታ ሊቅ እያለልን ምን ያጨቃጭቀናል?» ብሎ ዶክተር አንዳርጌን አስጠራ። ልብ በሉ፣ ይህን ሲል ዳኛው ራሱ አፍንጫውን በእጁ ይዞ ነበር! ግን ምን ያድርግ፣ የሽታ ዲግሪ የለውማ።

ከወንዙ ውሃ ተቀድቶ ለሊቁ በጣሳ ቀረበለት። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«ደህና ውሃ ነው፤ ምንም አይሸትም» አለ።

ጉቦ አልበላም። አልዋሸም። የሚያናድደውም ይኸው ነው! ሁለት ልጆቿ በሆድ ሕመም የተኙባት ወይዘሮ አሰገደች ብድግ አለች።

«እግዜር ይይልዎት ዶክተር! እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፍንጫ ግን አለኝ። ይገማል!»

ሊቁ ደሙ ፈላ። «ስሚ አንቺ ሴት፣ እኔ ሠላሳ ዓመት የደከምኩበትን አንቺ በአፍንጫሽ ልትሽሪው ነው?»

ዳኛው ክሱን ዘጋ። ሰዎቹም ያንኑ ውሃ ቀድተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሊቁ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ሩቅ አገር ሄዶ ሦስት ሳምንት ቆየ። ሲመለስ ገና ከአውቶቡስ እንደወረደ ግማቱ ተቀበለው። የፋብሪካውን አጥር ተደግፎ አስመለሰ። ዘበኛው ሮጦ መጣ።

«ምነው ዶክተር፣ አመመዎት እንዴ?»

«ይሄ ግማት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዘበኛው ሳቁ መጣበት። «ከመቼ ጀምሮ? እርስዎ ሳይመጡም እንዲሁ ነበር እኮ!»

ሊቁ ክው አለ። ሽታ የለመደ አፍንጫ እንደማይታመን በሦስት መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። የሰው ሁሉ አፍንጫ ይደነዝዛል ብሎ ሲያስተምር የራሱን አፍንጫ ከሰው አፍንጫ አልቆጠረውም። «አንተ ደንቆሮ! አንተ ትዕቢተኛ!» እያለ ራሱን እየሰደበ ወደ መንደሩ ወረደ።

ወይዘሮ አሰገደች ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ትንሹ ልጇ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ሊቁ እግሯ ሥር ወደቀ። «አጥፍቻለሁ እህቴ። ነገ ዳኛው ፊት ቆሜ ቃሌን አነሳለሁ።»

«ያንሱ» አለችው። «ለታላቅየው ይደርስ እንደሆነ።»

«በእውነት ነው የምልሽ፣ ያን ቀን ምንም አልሸተተኝም ነበር።»

ወይዘሮ አሰገደች ቀና ብላ አየችው።

«አምንዎታለሁ፤ አልሸተተዎትም። እኔ ሸተተኝ ስልዎትስ ምነው አላመኑኝ?»



ወገኖቼ፣ አብረነው የምንኖረው ግማት አይሸተንም፤ ተፈጥሯችን ነውና በዚህ ማንም አይወቅሰንም። ወንጀሉ ያለው የሸተተውን ሰው «አንተ ምን ታውቃለህ?» ብለን አፉን ስናስይዘው ነው። ዕውቀታችንን ለዚህ ከተጠቀምንበት፣ ባንማር ይሻል ነበር። በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን «እዚህ ይሸታል» ሲሉ ቁጭ በሉ የተባሉ ስንት ሰዎች አሉ? እናንተስ ማንን ነው ቁጭ ያደረጋችሁት?