በ«አንተ» እና በ«እርስዎ» መካከል

«አንዲት አስተማሪ ነበረች» ብለው ጀመሩ መምህርት አጸደ። ትርሲት የምትባል ተማሪያቸው በማግስቱ ለሆቴል ሥራ በእንግሊዝኛ ልትፈተን ነውና ምክር ፍለጋ መጥታ ነበር። «ቲቸር፣ እኔ ለማለት ‹አይ› የሚባለው መቼ ነው፣ ‹ሚ› የሚባለውስ? ይምታታብኛል። አጣርቼ እስካውቅ ዝም ብል አይሻልም?» ብላ ጠይቃቸዋለች።

ያቺ አስተማሪ የተማረች፣ ግን ዓይነ አፋር ነበረች። ወደ ትምህርት ቤቷ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ተዛውሮ መጣ። በዕድሜ ትንሽ ይበልጣታል፤ ሽበትም ጣል ጣል አድርጎበታል። «አንተ» ብትለው የደፈረችው መሰላት፤ «እርስዎ» ብትለው ደግሞ የሚርቅባት መሰላት። ስለዚህ ማንንም የማይጠራ አነጋገር ለመደች። «ሻይ ይጠጣል?» «ጠመኔው የት ተቀመጠ?» ትለዋለች። ባልደረቦቿ ከግድግዳው ጋር ነው የምታወሪው እያሉ ይስቁባት ነበር። የሚገላግላት እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ እዚያ «ዩ» ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ነውና።

የዚያን ጊዜ ክረምት መግቢያ ዛሬም ይናፍቃታል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ ድምፅ ስለማይሰማ ትምህርት ይቋረጣል። ሁለቱም ከየክፍላቸው ወጥተው በረንዳው ላይ ይቆማሉ። እሱ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብሎ ያወራታል፤ እሷ ራሷን እየነቀነቀች ትመልስለታለች። ቤቷ ስትገባ በሯን ዘግታ «አንተ» ማለትን ትለማመዳለች። ይህን ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም።

ከዚያ ዝውውር ወጣለት። ልትሸኘው መናኸሪያ ሄደች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠና፣

«እምቢ ማለት እችላለሁ። ልቅር?» አላት።

«ቅር» ልትለው ፈልጋ አፈረች። «ይቅሩ» የሚለውን ቃል ደግሞ ጠላችው። በመጨረሻ፣

«አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» አለች።

ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ ገባ።

መምህርት አጸደ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩና ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ያ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብትለው ይቀርላት ነበር። ቢበዛ ፈገግ ይላል፣ ‹አንተ በይኝ› ይላታል፤ አለቀ። አንቺም ‹አይ› በሚባልበት ‹ሚ› ብትዪ ፈታኙ ያሰብሽውን አያጣውም። ዝም ካልሽ ግን የማትፈልጊው ነው የሚመስለው፤ እሱም አይፈረድበትም። ነገ ሲጠይቁሽ፣ ተሳስተሽም ቢሆን፣ መልሺላቸው።»