የበርበሬው ጉዝጓዝ

አንድ ደገኛ ነበረ፤ በረሃ ወርዶ በርበሬ ተከለ።

ልጅ አያልነህ፣ ጥያቄህን ረስቼ አትክልት ውስጥ የገባሁ እንዳይመስልህ። «ባለቤቴ ከፋሲካ ወዲህ አታናግረኝም፤ ትናንት ደግሞ የልብስ ሣጥኗን አሥራ በር ሥር አቆመችው፤ ምን በድያት ነው?» ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። እኔ ስለ ሴት ልብ የማውቀው ነገር የለም። ስለ በርበሬ ጥቂት አውቃለሁ፤ እሱን ልንገርህ።

ሰውየው መልካም ሰው ነበረ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ያጥርልን ነበር። ከደጋ ይዞ የወረደው ሁለት ነገር ነው፤ ሚስቱንና የአባቱን ወግ። በአባቱ ወግ፣ እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። በረሃ ላይ ቄጠማ ከየት ይምጣ? ስለዚህ በሁለት አህያ የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ የጤፍ ጭድ አመጣ፤ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ፣ በበርበሬው መደቦች መካከል የሚያልፈውን መንገድ ሁሉ ስንዝር ያህል አወፍሮ ጎዘጎዘው። እንግዳ የጋለ አሸዋ እንዳይረግጥ ብሎ ነው። አባቱ ደግሞ በውርጭ አገር ችግኝ እንዳይሞትባቸው በዙሪያው ድንጋይ ይደረድሩ ነበር፤ ድንጋይ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ያድራልና። ልጃቸውም ከደረቀው ወንዝ ነጭ ጠጠር ለቅሞ በየበርበሬው ሥር ደረደረ። በዚያ አገር ውርጭ ገብቶ አያውቅም። ወግ ግን ወግ ነው።

አትክልቱ ሙሽራ መሰለ። ያየው ሁሉ «ለሰው እግር የሚያስብ ሰው!» እያለ አወደሰው። ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ወረቀት ተሰጠው፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ለልምድ ልውውጥ ከሦስት ወረዳ ሰው መጣ፤ ጭዱ ላይ ተራመዱ፣ ነጩን ጠጠር ፎቶ አነሡ፣ ንግግር አደረጉ፣ ሄዱ። ጎንበስ ብሎ በርበሬውን «እንዴት ዋልክ» ያለው አልነበረም። ከጉብኝቱ ከልባቸው የተጠቀሙት የጎረቤት ፍየሎች ናቸው፤ የእንግዳውን ጉዝጓዝ እየበሉ ይሄዱ ነበር።

ውኃ የምትቀዳው ሚስቱ ናት። በቀን ስምንት ጀሪካን በጀርባዋ ታመላልሳለች። ጠዋት ያጠጣችው አፈር፣ እኩለ ቀን ላይ ከጋለው ጠጠር ሥር አመድ ሆኖ ይጠብቃታል። የበርበሬው ቅጠል ጠውልጎ ይወድቃል፤ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል።

«ይኼ በርበሬ ከደረቀ እዚህ የምንበላው የለም፤ ወደ ደጋ መመለሳችን ነው» አለችው።

«ውኃ ጨምሪበታ» አላት።

ጨመረች።

አንድ ጠዋት ከዞን ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። ሰውየው በዚያ ሙቀት ነጭ ጋቢውን ደርቦ ሊቀበላቸው እስከ አውራ ጎዳናው ወጣ። እንግዶቹን አስከትሎ ሲመለስ የአጥሩ በር ላይ ደርቆ ቀረ። ሚስቱ ጭዱን ከመንገዱ ጠርጋ፣ በነጠላዋ እየተሸከመች መደቡን ሁሉ አልብሳዋለች፤ ግንዱ እንዳይበሰብስ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርጋዋለች። ጠጠሩን ደግሞ ለቅማ መንገዱ ላይ ደፍታዋለች።

«ምነው፣ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» አላት በሹክሹክታ፤ ፊቱ ግን ለእንግዶቹ እየሳቀ ነው።

«እንግዳህ ጫማ አለው» አለችው። «ባዶ እግሩን ያለው የበርበሬው ሥር ነው።»

እንግዶቹ ጠጠሩን ኮሽ ኮሽ እያደረጉ አለፉ። እግሩ የተቃጠለ የለም። ከእነሱ በፊት የመጡት ለጭዱ የተናገሩትን ቃል አንድም ሳይቀንሱ ለጠጠሩ ተናገሩለት፤ እንዲያውም አንደኛው «እባብ ሲመጣ ይሰማል» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚያ ሄዱ።

ሰውየው አኮረፈ። እኩለ ቀን ላይ ጭዱን ወደ ቦታው ልመልስ ብሎ መደቡ አጠገብ ተንበረከከ። እጁን ከጭዱ ሥር ሲሰድ አፈሩ እርጥብ ነው። ጠዋት ሚስቱ ያፈሰሰችው ውኃ እዚያው አለ። እጁን ሳያወጣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሣና ባዶውን ጀሪካን አነሣ። ወደ ውኃው ጉድጓድ የሚወስደውን መንገድ ስለማያውቀው ግን እሷን መጠየቅ ነበረበት።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። አንተ የእድራችን ሊቀመንበር ነህ። ለቅሶ ቤት ስትገባ አንደበትህ ጭድ ነው፤ የማታውቀው ሰው ሳይቀር ተራምዶበት ተጽናንቶ ይሄዳል። እኔም ተራምጄበታለሁ፤ ይመቻል። ቤትህ ስትገባ ግን የተረፈህ ነጩ ጠጠር ነው። ክፉ ቃል ከአፍህ ይወጣል አላልኩም። ወንድ ልጅ በቤቱ ኮስተር ብሎ ይቀመጣል የሚል የአባትህ ወግ አለ፤ እሱን ደርድረህባታል። ከሩቅ ላየው ያምራል፤ «ምን ያለ ጨዋ ባል» ያሰኛል። ከሥሩ ያለችው ግን እሷ ናት።

አልበደልኳትም እንዳትለኝ። ያም ሰውዬ በርበሬውን አልረገጠውም።

ሣጥኑ እስካሁን በር ሥር ነው፤ ከበሩ አልወጣም። እንግዲህ ሂድ። «እግዜር ይስጥልኝ የኔታ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ምን ልበልዎ» እያልክ ደጃፌ ላይ አትቁም። ያን ሁሉ ቃል ሳታራግፈው ይዘኸው ቤትህ ግባ። እኔ ጫማ አድርጌያለሁ።