ሽቅብ የሄደ ውሃ

አንድ ጊዜ፣ ደጋው በድርቅ ተመትቶ ጥንብ እንኳ ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ አያ ጅቦ፣ እመት ቀበሮና እመት አህያ ወንዙን ተከትለው ቁልቁል ወረዱ። አህያን ከጅብ ጋር ምን አገናኛት ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጅቡ መንገድ ላይ አግኝቷት ሊበላት ሲል ቀበሮ መሀል ገባች። «ዛሬ ከበላሃት ነገ ምን ልትበላ ነው? ወንዙ መጨረሻ ላይ ዓሣ ሞልቷል አሉ። ዕቃችንን ተሸክማ ትውረድ። ዓሣ ካገኘን ትተርፋለች፤ ካጣን ያው እሷ አለችልህ» ብላ አስማማቻቸው። አህያዪቱም ምን ታድርግ፣ እሺ አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዓሣ እንዲበዛ እንደ እሷ አጥብቆ የጸለየ ፍጡር የለም።

ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ ሲደርሱ ውሃው ደፍርሶ፣ ሰፍቶ፣ እስከ ሣሩ ድረስ ሞልቶ አገኙት። ደክሟቸው ስለነበር እዚያው ዳር ላይ ተኙ። ጠዋት ሲነቁ ውሃው የለም። ጭቃ ብቻ ነው፤ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ያልታሸ ሊጥ የመሰለ ጭቃ።

«ማን ጠጣው?» አለ አያ ጅቦ።

ቀበሮም አላወቀችም። ግን አላውቅም ማለት ሞት ስለሚመስላት፣ ድርቁ እዚህም ደርሶ ባሕሩን አደረቀው ብላ አስረዳች። አህያዪቱ፣ ታዲያ ድርቅ በአንድ ሌሊት ነው እንዴ ባሕር የሚያደርቀው ብላ ጠየቀች። ዝም በይ ተባለች።

ይህን ሲባባሉ እማማ ሸርጣን ከጉድጓዷ ወጥታ በጎን በጎን እየሄደች መጣች። የአገሩ ነባር እሷ ናት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ሲባል ተረት ይመስላችኋል፤ ይኸው አያ ጅቦ ገና ሰላም ሳይላት፣ እንግዳ መጥቶ ቁርበት አይነጠፍም ወይ ብሎ ተቆጣ። እማማ ሸርጣን ቁርበት የሚባል ነገር አይታም ሰምታም ስለማታውቅ፣ ጭቃው ይለሰልሳል፣ ተቀመጥበት አለችው። ከዚያ ደግሞ ባሕሩ ወጣ ብሎ ነው እንጂ አልደረቀም፣ ይመለሳል፣ ሲመለስም ይሮጣል ብላ አስጠነቀቀቻቸው።

አያ ጅቦ ግራ ገባው። በእሱ አገር የሄደ ውሃ ተመልሶ አያውቅም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እየተባለ ነው ያደገው። ቀበሮ ጠጋ ብላ፣ በጎን የሚሄድ ፍጡር ቀጥ ያለ ነገር አይናገርም ብላ በጆሮው ሹክ አለችው። ይህ ለጅቡ ትልቅ ጥበብ መሰለው፤ ራሱን ነቀነቀ።

ውሃው ርቆ ስለነበር ወደ ጭቃው ገቡ። ከዳሩ አለፍ ብሎ አንድ ቦይ ነበረ፤ ውስጡ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ስላለው ሳያስቡት ተሻገሩት። የባሕሩ ውሃ ጫፍ ሲደርሱ ቀበሮ ዓሣ ማጥመጃዋን አወጣች። ገመዱ ከአህያዪቱ ጭራ ተነጭቶ የተገመደ ነው፤ መንጠቆው የግራር እሾህ ነው። ጅቡ ትል ከጭቃው እንዲቆፍር ታዘዘ። ቆፈረ፤ ግን የቆፈረውን ትል ግማሹን ራሱ በላው።

ደጋ ያደገ ሁሉ ወንዝ ሲገባ አንድ ጠባቂ ያቆማል። ጠባቂው ወደ ተራራው ያያል፤ ተራራው ከጠቆረ ደራሽ ጎርፍ መጣ ማለት ነውና ሮጦ መውጣት ነው። ይህን ልማድ ማንም አይስተውም፣ እነሱም አልሳቱም። ጆሮዋ ረጅም ስለሆነ አህያዪቱ ጠባቂ ሆነች። ቦዩ ጠርዝ ላይ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ፣ ዓይኗን ተራራው ጫፍ ላይ ተክላ ቆመች።

ዓሣው ይያዛል፣ እንዴት አይያዝ። ቀበሮ አንዱን አምባዛ ስባ ስታወጣ ጅቡ አጎንብሶ ይቆፍራል፤ እሷ ደግሞ ቶሎ ብላ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ከረጢት ትከተዋለች። የትል ማስቀመጫ ነው ብላዋለች። አካባቢው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት አፍንጫውም አልረዳው። እየቆየ፣ ተያዘ ወይ ይላታል። ትሉን በልቶ አመለጠኝ ትለዋለች። በዚህ ጊዜ ዞር ብሎ አህያዪቱን ያያል። እሷም ሳታየው ዓይኑ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ይታወቃታል። የቀበሮ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ዓሣው ለእሷ፣ አህያዪቱ ለጅቡ።

ተራራው ጥርት እንዳለ ነው። ደመና የለም። አህያዪቱ ግን እግሯን ቀዘቀዛት። ዝቅ ብላ ብታይ ቦዩ ሞልቷል፤ ነጭ አረፋ ተሸክሞ እየሄደ ነው። የሚሄደውም ወደ ተራራው ነው።

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አሁንም ሽቅብ ነው። ተራራው ካልጠቆረ ውሃው ከየት መጣ? ውሃ ከመቼ ጀምሮ ነው ዳገት የሚወጣው? አእምሮዋ ዞረባት። በቅርብ እማማ ሸርጣን የጉድጓዷን አፍ በጭቃ እየደፈነች ነበርና ወደ እሷ ሄደች።

«እማማ፣ ምንም አልገባኝም። ወዴት ልሂድ?»

«ወደ ዳር እንዳትሄጂ፣ የእኔ ልጅ። ቦዩ አሁን ጭቃው ላልቷል፣ ይውጥሻል። በስተቀኝ ያቺ ዛጎል የተከመረባት ጉብታ ትታይሻለች? እሷ ላይ ቁሚ፤ እሷን ውሃ አይሸፍናትም።»

አህያዪቱ ልትሮጥ ተነሣችና ቆመች። ዝም ብላ ብትሄድ ከሚበላት ትገላገላለች። ይህን አሰበች፣ አላሰበችም አልልም። ግን ጠባቂ ናት፤ ጠባቂ ዝም አይልም። ውሃው ከኋላችን ዞሮ መጥቷል፣ ወደ ዛጎሉ ጉብታ ኑ እያለች ተጣራች።

ቀበሮ ሳቀች። እሷ በአህያዪቱ ቦታ ብትሆን ምን እንደምትል ታውቃለችና። «አያ ጅቦ፣ ዓሣ እንዳጣን ስታውቅ ልታመልጥ ነው። ዳሩ ያውና፣ ይታያል። ተሻግረን እዚያ እንጠብቃት።» ይህን ብላ እግሯ እንዳይርስ ጀርባው ላይ ወጣች።

ጅቡ ቦዩ መሀል ሲደርስ ጭቃው እግሩን ያዘው። አንዱን ሲነቅል ሌላው ይገባል። ውሃው ሆዱ ጋ፣ ቀጥሎ ደረቱ ጋ፣ ቀጥሎ አንገቱ ጋ ደረሰ። የቀበሮ ከረጢትም ተንሸራቶ አፍንጫው ሥር ተንጠለጠለ፤ አንድ አምባዛ ራሱን አወጣ።

«ዓሣ የለም አላልሽም ነበር?»

«ይሄ... ይሄማ አሁን ውሃው ያመጣው ነው።»

አያ ጅቦ ግራ ተጋባ። እግሩን ይንቀል ወይስ ዓሣውን ይብላ? ቀበሮ እግርህን፣ እግርህን እያለች ለመነችው። እሱ ግን በዕድሜው ሁሉ መጀመሪያ በልቶ ኋላ ነው የሚያስበው። አፉን ከፈተ። ከዓሣው ጋር ባሕሩም ገባ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልታዩም።

አህያዪቱ ጉብታው ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች እሷም አታውቀውም። ውሃው ሰኮናዋን ነክቶ ቆመ፤ ቆይቶም እንደ አመጣጡ ሄደ። እማማ ሸርጣን የደፈነችውን ከፍታ ብቅ ስትል አህያዪቱ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? ለምንስ ይመለሳል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች እማማ ሸርጣን። «እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አርጅቻለሁ፤ እስካሁን አልገባኝም። ሲመጣ ግን ዞር እልለታለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ በሰው አገር ቆሞ የራሱን አገር ጎርፍ የሚጠብቅን የዚያ አገር ውሃ ከኋላው እንደሚደርስበት ነው።